ሽማግሌ ከመላክሽ በፊት ሐኪም ቤት ሂጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው አንጀቴ ተላወሰ። «የሟች እህቴን ልጅ እንጀራ እናቱ ትደበድበዋለች፤ ለሴቶችና ሕጻናት ቢሮ ብናገር ማሳደጊያ ያስገቡታል ወይ?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ደብረ ሲና በወንድሜ ልጅ ያው ነገር ደርሶብኛል።

1. የማሳደጊያውን ፍርሃት ተይው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ድጋፍና እንክብካቤ መመሪያ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ ነው የሚያደርገው። ቀድሞ የሚፈለገው ዘመድ ነው። ዘመዱ ደግሞ አንቺ ነሽ።

2. ሐኪም ቤት ቅደሚ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ልጅቷ 9 ዓመቷ ነበር። ቦኖ ውሃ ጋ አግኝቻት ልብሷን ገለጥ ሳደርገው ጀርባዋ በኤሌክትሪክ ገመድ ሰንበር ተዥጎርጉሯል። ገመዱ ታጥፎ ስለነበር የሰንበሩ ጫፍ እንደ ቀለበት ዞሯል። ደሜ ፈላ። ዘመድ ግን «ወንድምሽን ልታሳስሪ ነው?» አለኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ሽማግሌ ላኩ። ዛሬ ነገ ሲባል ሦስት ሳምንት አለፈ። ፖሊስ በመጨረሻ ወደ ሐኪም ሲልከን ሰንበሩ ደብዝዟል። ማስረጃው ላይ «የቆየ ጠባሳ» ተብሎ ተጻፈ። ዐቃቤ ሕግ በዚህ ክስ አልመሠርትም አለ፣ መዝገቡ ተዘጋ። ያኔ በስልኬ እንኳን ፎቶ አላነሳሁም።

መዝገቡ ሳይዘጋ የገባሁበት አንድ ቢሮም አለ። ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ሳይገረፍ ያደገ ልጅ የት አለ? የቤተሰብ ጣጣችሁን እዚያው ጨርሱ» አለችኝ። ልጅቷ እጄን ይዛ ትሰማለች። ይሄንን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። አንቺንም እንዲህ ካሉሽ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ጥሪባቸው። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ ይቀጣል። ተገቢ የሆነ የወላጅ ተግሣጽን ሕጉ ይለያል፣ እሱን መሸሸጊያ ያደርጉታል። የገመድ ሰንበር ተግሣጽ ነው ወይ? በያቸው።

3. ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ስትመጣ አትደናገጪ። የእኛዋ ጨዋ ልጅ ነበረች። ልጅቷን ጓሮ ወስዳ ለብቻዋ አናገረቻት። ጎረቤት ጠየቀች፣ ማንም አልተነፈሰም፤ ቡና አብረን የጠጣን ሰዎች! እኔም ቤት መጥታ ልጅቷ የምትተኛበትን አልጋ ሳይቀር አየች። ያወጣን ግን መምህሯ ነው። የቀሪ መዝገቡን አምጥቶ በየትኛው ቀን እንደቀረች፣ በየትኛው እያነከሰች እንደመጣች ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ነገራት። እኔም የቤተሰብ ክስ ከፈትኩ። 14 ወር ተመላለስኩ፣ ሁለት በግ ሸጥኩ። በስተመጨረሻ ልጅቷ እኔ ጋ እንድትኖር ተወሰነልኝ። አሁን 6ኛ ክፍል ናት፣ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች።

አንቺ ገና ጊዜ አለሽ። ነገ ጠዋት ልጁን ይዘሽ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሴቶችና ሕጻናት ክፍል ግቢ። ለሐኪም የሚጻፈውን ደብዳቤ ሳትይዢ እንዳትወጪ፤ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂጂ። ጣርማ በር አካባቢ ነኝ ስላልሽ ቅርብ ነን፤ ብቻሽን ከከበደሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አብሬሽ እገባለሁ።