የንጉሡን ሂሳብ ማን ይመርምር?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሂሳብ ምርመራ ነው። መዝገብ ሳገላብጥ፣ ደረሰኝ ሳመሳክር፣ "ይሄ ብር የት ገባ?" ስል ጡረታ ወጣሁ። የታሪክ መምህር አይደለሁም። ግን ስለ ፈረንሳይ አብዮት ስትከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ዝም ማለት ያቅተኛል። አንዱ "ቮልቴርና ሩሶ ናቸው ያመጡት" ይላል። ሌላው "ንግሥቲቱ ዳቦ ከሌለ ኬክ ይብሉ ስላለች ነው" ይላል። ሦስተኛው አንገት መቁረጫውን ጊሎቲን ያነሳና ክርክሩ እዚያው ያልቃል። መዝገቡን ያነሳ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ የማውቀው መዝገብ ስለሆነ በዚያው በኩል ልግባ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንብቡልኝ።

በቅድሚያ ኬኩን ከጠረጴዛው ላይ እናንሳ። ፈላስፋው ሩሶ የራሱን ሕይወት ሲተርክ፣ ሕዝቡ ዳቦ የለውም ሲሏት እንደዚያ አለች ስለተባለች አንዲት "ታላቅ ልዕልት" ያወራል። ስሟን አይጠራም። ያንን ሲጽፍ ንግሥቲቱ ማሪ አንቷኔት ገና ቪየና ውስጥ የምትጫወት ሕፃን ነበረች። ወሬው ጥሩ ነው፣ ደረሰኝ ግን የለውም። ደረሰኝ የሌለው ነገር ደግሞ እኔ ጋ አያልፍም።

አሁን ቁጥሩን እዩ። በ1788 የፈረንሳይ መንግሥት ገቢ 503 ሚሊዮን ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) ገደማ ነበር። ወጪው 629 ሚሊዮን። ጉድለቱን ራሳችሁ ቀንሱት። ከወጪው ውስጥ 318 ሚሊዮኑ፣ ማለትም ግማሹ፣ ለዕዳ ክፍያ የሚሄድ ነው። የቤተ መንግሥቱ ወጪስ? ቬርሳይ፣ ድግሱ፣ ቀሚሱ፣ ፈረሱ ሁሉ ተደምሮ ከመቶ ስድስት እጅ ቢሆን ነው። ስድስት እጅ ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ አይደለም። ያበሳጫል። ነገር ግን ንግሥቲቱ ባዶ እግሯን ብትሄድም ቀዳዳው አይደፈንም ነበር።

ዕዳው የመጣው ከጦርነት ነው። ሉዊ 14ኛ 72 ዓመት ነግሦ በ1715 ሲሞት ለአምስት ዓመት ልጅ የተወው ዙፋንና የዕዳ ክምር ነው። ያ ልጅ አደገና የራሱን ጦርነቶች ጨመረበት። ሉዊ 16ኛ ደግሞ እንግሊዝን ለመበቀል ሲል አሜሪካኖችን ረዳ። አስቡት፤ ፍጹም ሥልጣን ያለው ንጉሥ በንጉሣቸው ላይ ያመፁ ሰዎችን ለመደገፍ ከ1 ቢሊዮን ሊቭር በላይ ያወጣል፣ ያውም አብዛኛውን ተበድሮ። እንደዚህ ያለ ቀልድ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ቆይ፣ እንግሊዝስ ዕዳ አልነበረባትም? ነበረባት። እንዲያውም ከሕዝቧ ብዛት አንፃር ሲታይ የእሷ ይብስ ነበር። ልዩነቱ ለንደን በአነስተኛ ወለድ መበደሯ ነው። ከ1688 ወዲህ ግብር የሚወሰነው በፓርላማ ነው፤ አበዳሪው ገንዘቡ ከየት ተሰብስቦ እንደሚመለስለት ያያል። ፓሪስ ላይ ግን የአገሪቱ ሂሳብ የንጉሡ የግል ምሥጢር ነበር። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይሉት ነገር ነው። የማይከሰስን ሰው የሚያበድር ሁሉ ደግሞ ለፍርሃቱ ተጨማሪ ያስከፍላል። እኔ ስለ ፍጹም ዘውዳዊ አገዛዝ ብዙ መጽሐፍ አላነበብኩም፤ ይሄ የወለድ ልዩነት ግን ከብዙ ፍልስፍና በላይ አስረድቶኛል።

የግብሩን አሰባሰብ ደግሞ በጨው ላሳያችሁ። አሞሌ ገንዘብ በነበረበት አገር ተወልዶ ጨው ምን እንደሆነ የሚጠፋው የለም። በፈረንሳይ የጨው ግብር እንደየአውራጃው ይለያያል። ብሪታኒ ነፃ ናት። አጠገቧ ያለው ሜን የሚባለው አውራጃ ደግሞ ከባዱ ግብር የተጫነበት ነው። በሁለቱ መካከል የአንዱ ጨው ዋጋ ከሌላው ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጣል። እናስ? ሰዉ ሌሊት ሌሊት ያሻግራል። ሴቶች በቀሚሳቸው ሥር ይይዛሉ። ጨው ጭነው ድንበር እንዲያቋርጡ የሰለጠኑ ውሾች ሁሉ ነበሩ። መሣሪያ ይዞ የተያዘ ወንድ የመንግሥት መርከብ ቀዛፊ እስረኛ ይሆናል።

ጨው አልፈልግም ማለትም አይቻልም። ግብሩ በከበደባቸው አውራጃዎች እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት የተወሰነ መጠን የመግዛት ግዴታ አለበት። ያንን በግዴታ የገዛውን ጨው ለወጥና ለገበታ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። የአሳማ ሥጋ ጨው ነስንሶ ለክረምት ማስቀመጥ ከፈለገ ሌላ ጨው፣ ሌላ ደረሰኝ። ተቆጣጣሪው ቤት ገብቶ በርሜሉን ይፈትሻል። የ1789ን የሕዝብ ቅሬታ ስታነቡ ጨው ለምን በየገጹ እንደሚነሳ ይሄ ይነግራችኋል።

ሰብሳቢው ደግሞ መንግሥት አልነበረም። ጠቅላይ የግብር ተኮናታሪዎች የሚባሉ ባለሀብቶች ማኅበር ነው። ለንጉሡ የተወሰነ ገንዘብ ቆርጠው ይከፍላሉ፤ ከዚያ በላይ የሰበሰቡት የራሳቸው ነው። እኛ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የምንለው ስለ ሹመኛ ነው፤ እነዚህ መብላቱን በውል ተፈራርመውበታል። መኳንንቱና ካህናቱ ደግሞ ከዋናው ቀጥታ ግብር ነፃ ነበሩ፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ልለፈው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ማሌዘርብ ይባላል፤ በ1721 የተወለደ የሕግ ሰው። ስለ አብርሆት ዘመን ስትማሩ የሚነገራችሁ የጸሐፊዎቹ ስም ነው፤ ይሄ ግን ቢሮ የተቀመጠ ባለሥልጣን ነበር። የመጽሐፍ ሳንሱር ኃላፊ። ፈላስፋው ዲድሮ ያዘጋጀው ታላቁ ኢንሳይክሎፒዲያ መታተም ሲጀምር ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኗ ተቆጡ፤ ጽሑፎቹን እንዲወርስ ታዘዘ። የዲድሮ ልጅ እንደጻፈችው፣ ማሌዘርብ ፍተሻ ሊመጣ መሆኑን አስቀድሞ ለአባቷ ነገረውና ወረቀቱን በራሱ ቤት አስቀመጠለት። ሳንሱሩ ቤት ማን ይፈትሻል? 17 የጽሑፍና 11 የሥዕል ጥራዝ የሆነው ሥራ ለፍጻሜ የበቃው እንዲህ ያሉ ሰዎች ቢሮ ውስጥ ስለነበሩም ጭምር ነው።

ይሄው ሰው የግብር ጉዳይ የሚታይበት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበር። በ1775 ለወጣቱ ንጉሥ ረጅም አቤቱታ አቀረበ። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ ዜጋው ምን ያህል መክፈል እንዳለበት ማወቅ አይችልም። የተኮናታሪዎቹ ደንብ አንድ ቦታ ተሰብስቦ አልታተመም። ሕጉን የሚያውቀው ሰብሳቢው ብቻ ነው። ስለዚህ ይፋ ይሁን። መፈክር የለበትም፣ "ይውደም" የለበትም። እኔ ግን በዚያ ዘመን ከተጻፈው ሁሉ አብዮታዊው ይሄ ይመስለኛል። ልብ በሉ፣ አብዮቱ የፈነዳበት የፓሪሱ እስር ቤት ባስቲዩ እስኪወድቅ ገና 14 ዓመት ቀርቷል።

ከዚያ ኔከር የገንዘብ ሹም ሆኖ መጣ። የጄኔቫ ተወላጅ ባንከር። በየካቲት 1781 የመንግሥትን ሂሳብ አሳትሞ ለሕዝብ አወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ በፈረንሳይ ማንም ያላደረገው ነገር ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። የቤተ መንግሥት ሰዎች የሚቀበሉት ጡረታና አበል ታየ። ጉድ ተባለ። በመጨረሻም ሂሳቡ 10 ሚሊዮን ሊቭር ትርፍ አሳየ።

ጦርነት ላይ ያለ አገር ትርፍ? ኔከር ያሳየው "መደበኛ" ገቢና ወጪን ነው። የጦርነቱ ወጪ "ልዩ" ተብሎ ከሰነዱ ውጭ ቀርቷል። ይሄንን ስልት ሳየው ፈገግ እላለሁ፤ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። በሙያዬ ያየሁት ማጭበርበር በአብዛኛው የሐሰት ቁጥር አይደለም፤ የተዘለለ ገጽ ነው። ነገ ከእናንተ አንዱ ቢሮ ሲገባ፣ ያማረ ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ ሲመጣለት፣ ድምሩን ከማጣራቱ በፊት "እዚህ ውስጥ ያልገባው ምንድነው?" ብሎ ይጠይቅ። ካልገባችሁ ደግሞ አልገባኝም በሉ፤ ሂሳብ አቅራቢ ከዚህ ቃል በላይ የሚፈራው ነገር የለም።

ኔከርን ግን ሙሉ በሙሉ ልወቅሰው አልችልም። የተኳለ ሂሳብም ቢሆን ሕዝቡ ሂሳብ የማየት ልማድ ያዘ። መዘዙ የመጣው በኋላ ነው። በ1787 ሌላው የገንዘብ ሹም ካሎን የአገሪቱን ትልልቅ ሰዎች ሰብስቦ ከ100 ሚሊዮን በላይ ጉድለት አለ፣ ባለመሬት ሁሉ ግብር ይክፈል አለ። ሰዎቹ ምን አሉ? "ከስድስት ዓመት በፊት ትርፍ ነበር አልተባለም? ምን አደረጋችሁት?" እውነቱን የተናገረው ሰው ሌባ ተባለ፣ ተሻረም። በነሐሴ 1788 ግምጃ ቤቱ ክፍያ አቆመ። ኔከር ተመልሶ ተጠራ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ በረዶ ሰብሉን መትቶታል። ክረምቱ ከባድ ሆነ። በ1789 መጀመሪያ ፓሪስ ላይ አራት ፓውንድ የሚመዝነው ዳቦ 14 ሱ ተኩል ደረሰ (20 ሱ አንድ ሊቭር ነው)፤ የቀን ሠራተኛ ደመወዙ ከ20 እስከ 30 ሱ ነው። "ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው" ይባላል፤ እዚያ ማጭድ ሳይሆን ወረቀትና ቀለም ነበር የተሰጠው። በመላ አገሪቱ ሕዝቡ ቅሬታህን ጻፍ ተብሎ ወደ 60,000 የሚጠጋ የቅሬታ መዝገብ ተጻፈ። ግንቦት 5 ቬርሳይ ላይ ከ1614 ወዲህ ተጠርቶ የማያውቀው የካህናት፣ የመኳንንትና የተራው ሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ተከፈተ።

የሚቀጥለውን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ ላንሳ። ሰኔ 17 የተራው ሕዝብ ተወካዮች ራሳቸውን ብሔራዊ ሸንጎ ብለው ሲሰይሙ በዚያው ቀን የወሰኑት ስለ ግብር ነው፤ ያለ ሕዝብ ፈቃድ የተጣለ ግብር ሁሉ ሕገ ወጥ ነው፣ ሸንጎው እስካለ ድረስ ግን ለጊዜው ይከፈል አሉ። ለአበዳሪዎችም ዕዳችሁን አንክድም አሏቸው። ሐምሌ 11 ንጉሡ ኔከርን ሲያባርር ፓሪስ ተነሳች። ከባስቲዩ በፊት የተቃጠሉት በከተማዋ ዙሪያ የተሠሩት የቀረጥ ኬላዎች ናቸው። ነሐሴ 26 የወጣው የሰብዓዊ መብት መግለጫ ደግሞ በአንቀጽ 15 ኅብረተሰቡ ማንኛውንም የመንግሥት ሹም ስለ ሥራው ሂሳብ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ስለ ነፃነት የሚናገረውን አንቀጽ ሁሉም በቃሉ ይወጣዋል። 15ኛውን የሚጠቅስ ወጣት ግን አላገኘሁም። እኔም በእኛ አቆጣጠር በ1966 እንደ እናንተ ወጣት ነበርኩ፤ እኛም ስለ አብዮቱ መሪ ሮብስፒየር እንጂ ስለ አንቀጽ 15 አናወራም ነበር።

አብዮተኞቹስ ራሳቸው ሂሳብ ያዙ? የቤተ ክርስቲያኗን መሬት ወረሱ፣ በእሱ ዋስትና አሲኛ የሚባል የወረቀት ገንዘብ አሳተሙ። መጀመሪያ 400 ሚሊዮን ሊቭር ነበር። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ማተሚያው አልቆም አለ። በየካቲት 1796 ማተሚያው በአደባባይ ሲሰባበርና ሲቃጠል በጠቅላላው የታተመው ወደ 45 ቢሊዮን ደርሶ ነበር፤ ያኔ ወረቀቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ዋጋ አልነበረውም።

ሰዎቹስ? የዘመናዊ ኬሚስትሪ አባት ላቯዚዬ የግብር ተኮናታሪ ስለነበር ግንቦት 8 ቀን 1794 ከባልደረቦቹ ጋር አንገቱ ተቆረጠ። ማሌዘርብ ደግሞ ንጉሡ ለፍርድ ሲቀርብ ማንም ሳያስገድደው፣ ከ70 ዓመቱ በላይ ሆኖ፣ ጠበቃ ልሁንልህ ብሎ ቀረበ። ለዚያ ንጉሥ ከ17 ዓመት በፊት ግብርህ ይፋ ይሁን ያለው እሱ ነው። በሚያዝያ 1794 ልጁን፣ የልጅ ልጁንና ባሏን አስቀድመው ከገደሉ በኋላ እሱንም ገደሉት። ከዚያ ዘመን ጀግና ምረጡ ብትባሉ ይሄን ሰው ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡልኝ።

ዕዳውም አልጠፋም። በ1797 ሪፐብሊኩ ራሱ ሁለት ሦስተኛውን ሰርዞታል ማለት ይቻላል፤ ሉዊ 16ኛ ያልደፈረውን። ናፖሊዮን በ1807 የሂሳብ ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ ሪፖርቱ የሚቀርበው ግን ለእሱ ብቻ ነበር። ለሕዝብ እንደራሴዎች መቅረብ የጀመረው በ1832 ነው፤ ያኔ ደግሞ ዙፋኑ ላይ ሌላ ንጉሥ ተቀምጦ ነበር።