30 ኪሎ ገብቶ 10 ኪሎ ሲወጣ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዓባይ ማዶ ትንሽ ዳቦ ቤት አለሽ። ሁለተኛ ምድጃ ለመግዛት ገንዘብ አጥሮሻል። ያክስትሽ ልጅ «ብሩን እኔ ላምጣ፣ ቤቱ የጋራ ይሁን፣ ትርፉን እኩል እንካፈል» ብሎሻል። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ነው ነገሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚልሽ ሰው አታጪም። እኔ ስለ ዓሣ ላውራሽ።

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ትንሽ ዓሣ ቤት አለችኝ። ስጀምር እንዳንቺው ገንዘብ አጠረኝ። የልጅነት ጓደኛዬ ደግሞ ገንዘብ ነበረው፣ ጊዜ አልነበረውም። ግማሽ በግማሽ ተባባልን። ውል አልጻፍንም። አብረን አድገን ወረቀት እንፈራረም ማለት ራሱ ነውር መሰለን።

ሁለት ወር ሰላም ነበር። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። 55ቱን ቀን ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቻለሁ፤ እኔ ሻጭ ነኝ።) አንድ ማታ ጓደኛዬ የግዢውን ደብተር አገላበጠና «ዛሬ 30 ኪሎ ቀረሶ ዓሣ ገብቷል፤ የወጣው ፊሌቶ 10 ኪሎ ነው። 20ው ኪሎ የት ገባ?» አለኝ። እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ቀረሶ ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳውና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ለፊሌቶ የሚተርፈው ሢሶው ገደማ ነው። ዓሣ የሚበልት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ጓደኛዬ ግን አንድም ቀን ጓዳ ገብቶ አያውቅም። እኔም «ና እይ» ብዬው አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ጠራሁት። ዓሣውን ዓይኑ እያየ መዘንን፣ ልጁ በለተ፣ መልሰን መዘንን። ቁጥሩ ልክ መጣ። እሱም «እሺ» አለ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይቱም ተቆጠረ፣ ሎሚውም ተቆጠረ። እኔም ሲቆጥር ሳየው ደሜ ይፈላ ጀመር። በመጨረሻ ገንዘቡን በየወሩ እየቆራረስኩ መለስኩለት። ዛሬ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። በቃ፣ እሱ ነው የቀረን።

ሳስበው ጥፋቴ ከጓደኛ ጋር መሥራቴ አልነበረም። ከእሱ የፈለግሁት ገንዘብ ብቻ ነበር። ለዚያ የቤቴን ግማሽ ሰጠሁ። መበደር ስችል!

አሁን ቤቱ የብቻዬ ነው፤ አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች ግን አሉ። ዓሣ የሚያመጣልኝ ሰውዬ መረቡ ሲያረጅ አዲስ ገዛሁለት። ከሚያመጣው ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀነስን ዕዳውን ጨረሰ። ስምምነታችን ቀላል ነው፤ ዓሣውን መጀመሪያ ለእኔ ያሳያል፣ እኔ የዕለቱን የገበያ ዋጋ በዕለቱ በእጁ እሰጠዋለሁ። ዱቤ የለም። አንዴ ብቻ ተቀያይመናል። ክረምት ላይ ነጭ ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል፤ መረብ የጣለ ሁሉ ያፍሰዋል። ከዚያ የተያዘ አልገዛም አልኩት። «ሌላው ይገዛኛል» ብሎ ሳምንት ጠፋ። እንቁላል ያዘለውን ከጨረስነው ለከርሞ እሱ ምን ይይዛል፣ እኔስ ምን እጠብሳለሁ? ተመልሶ መጣ፣ ተስማማን።

ዘጌ ቱሪስት የሚያመላልስ ባለጀልባም አለ። ኮሚሽን ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ እንግዶቹ ርቧቸው ምግብ ሲጠብቁ በእሱ ላይ ነው የሚነጫነጩት። ስለዚህ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳምን ጎብኝተው ጀልባ ሲሳፈሩ ይደውልልኛል። «ስምንት ሰው፣ ሁለቱ ዓሣ አይበሉም።» መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጀልባው ሲጠጋ ዘይቴ ግሏል። እሱ ምሳውን በነጻ ይበላል። በመካከላችን እስካሁን አንድ ብር አላለፈም። በረንዳዬ ላይ ቡና የምታፈላው ልጅም ኪራይ አትከፍለኝም፤ ሽያጩ የራሷ ነው፣ እንግዳው ግን ይቆይልኛል።

ያክስትሽ ልጅ ከገንዘብ ሌላ የሚያመጣው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ዳቦ የሚያከፋፍልበት መኪና ወይም የሚያውቃቸው ሆቴሎች፣ ሽርክናው ሊያዋጣ ይችላል። ያኔ ግን ምን ዓይነት ማኅበር እንደሆነ አጣሪ። በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የኅብረት ሽርክና ማኅበር ከሆነ ለድርጅቱ ዕዳ የግል ንብረትሽ ሳይቀር ይጠየቃል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ በመሠረቱ ተጠያቂነታችሁ ባዋጣችሁት ልክ ነው። ይኸው አዋጅ እንዲህ ያለውን ማኅበር ብቻሽንም እንድታቋቁሚ ይፈቅዳል። ውሉ ሲጻፍ የአንቺ ደመወዝ ከትርፍ በፊት ይግባ። «እኩል እንካፈል» ሲባል ሌሊት የምትሠሪው ሥራ በነጻ እየተቆጠረብሽ ነው። አንዳችሁ መውጣት ብትፈልጉ ቤቱ በምን እንደሚገመትም ዛሬ፣ ፍቅር ሳለ ይጻፍ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጁን ለሦስት ሌሊት ዳቦ ቤት ጥሪው። ሌሊት 9 ሰዓት ይምጣ። ሊጡን ራሱ ይመዝን፣ ዳቦው ከምድጃ ሲወጣም ራሱ ይመዝን። ሊጥ ሲጋገር ክብደቱ እንደሚቀንስ ካንቺ አፍ ሳይሆን ከሚዛኑ ይስማው። በሁለተኛው ሌሊት ከቀረ፣ ብሩን በብድር ይሰጥሽ እንደሆነ ጠይቂው።