«በሂደት ላይ ነው» ሲሉን ምን እንበል?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ሰው የአማራ ክልል ምክር ቤትን ጉባኤ በቴሌቪዥን አይቶ፣ በኃላፊዎቹ መልስ ተናዶ ጽፏል። ሦስቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፣ ታገሡን።

«ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የምኖረው ሆጤ ነው፣ የተወለድኩት ግን ከደሴ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ክረምት ሲገባ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ይቆርጠዋል። ባለፈው ክረምት የወንድሜን ልጅ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ነው ያሻገሯት። ተወካያችን ይህንኑ በጉባኤው ላይ አነሣው። እኔም ቡናዬን ይዤ መልሱን ጠበቅሁ። ኃላፊው ተነሡና ‹የተነሣው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፣ እንደ ክልል በትኩረት እየተሠራበት ነው፣ የእናንተም በሂደት ላይ ነው› ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። ይህ መልስ ነው ወይ? ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢመልስልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።»
መምህር፣ ከሆጤ፣ ደሴ

መምህር፣ እንኳን ጻፉልን። ልጅቱ በሰላም ትገላገል አትገላገል አልነገሩንም፣ ደህና ናት ብለን ነው የምንመልስልዎ።

መልስ አይደለም። ይህን ስል ከውጭ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር። ጥያቄው ሲቀርብ እስክሪብቶዬ አያርፍም። ድልድዩ የት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ስንት ቤተሰብ ተቸገረ፣ ሁሉም ይጻፋል። መልሱ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል። የሚጻፍ ነገር የለም፤ ቀን የለም፣ ብር የለም፣ ማን እንደሚሠራው የለም። ስለዚህ «ከሚመለከታቸው ኃላፊዎች ማብራሪያ ተሰጥቶበታል» ብዬ እዘጋዋለሁ። በዓመቱ ያው ተወካይ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ሲገልጥ የሚያገኘው «ማብራሪያ ተሰጥቶበታል» የሚል ነው። ታዲያ በምን ይሟገት? ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ችግሩ የት ላይ እንደሆነ ላሳይዎ። በጉባኤ ላይ ብዙ ጊዜ ጥያቄዎች አንድ በአንድ አይመለሱም። አፈ ጉባኤው ስምንት አስር ጥያቄ ያሰባስባሉ፣ ከዚያ ኃላፊዎቹ ተራ በተራ ይነሣሉ። አንዱ የመድኃኒት፣ አንዱ የመማሪያ መጽሐፍ፣ አንዱ የውሃ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይጠራቀማል። ኃላፊው ከዚያ ክምር ውስጥ የሚቀናውን ያነሣል፣ የሚከብደውን ደግሞ «ሌሎቹም ተመሳሳይ ናቸው» ብሎ ያልፈዋል። ተወካዩ «ኧረ የእኔ አልተመለሰም» ብሎ እንደገና እጁን ቢያወጣ ሰዓት አልቋል ይባላል። ሕዝብን የወከለ ሰው ያን ሁሉ መንገድ ባህር ዳር ድረስ ሄዶ ሳይመለስለት መምጣቱ ያሳዝናል።

«እንደ ክልል» የምትለዋን ቃል ልብ ብለዋል? እርስዎ የጠየቁት ስለ አንድ መንገድ ነው። መልሱ የመጣው ስለ ክልሉ መንገዶች ሁሉ ነው። ስለ አንድ ጤና ጣቢያ ሲጠየቅ የሽፋን ፐርሰንት ይነገራል። ፐርሰንቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ምጥ የያዛትን ልጅ ግን ወንዝ አያሻግርም።

ለኃላፊዎቹም ፍትሐዊ እንሁን። አንዳንዴ «ይህ የእኛ አይደለም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባው አስፋልት የፌዴራል መንገድ ነው። መብራትና ቴሌም የፌዴራል ናቸው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ሆስፒታል የክልሉ ነው። ጤና ጣቢያና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ከወረዳው ወይም ከከተማ አስተዳደሩ እጅ ናቸው። የገጠሩ መንገድ፣ ያ ሰዉ ዩራፕ እያለ የሚጠራው፣ ክልሉም ወረዳውም እጃቸው አለበት፣ ስለዚህ አንዱ ወደ ሌላው ለመግፋት በጣም ይመቻል። ተወካዩ ከመነሣቱ በፊት ጉዳዩ የማን እንደሆነ አጣርቶ መሄድ አለበት። ያለዚያ መልሱን ራሱ ነው በነፃ የሚሰጣቸው።

ገንዘብም የለም ከተባለ የለም ሊሆን ይችላል። በ2014 በጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ምን እንደደረሰባቸው አይተናል፣ የሆስፒታሉ ዕቃ ሳይቀር ተዘርፏል። እሱን ለመተካት የሚወጣው ብር ከሌላ ቦታ ተነሥቶ ነው። እንግዲያው ኃላፊው «ዘንድሮ ገንዘብ የለንም፣ መንገዳችሁ በቅደም ተከተል ይኼኛው ላይ ነው» ይበል። ይህ መራራ ነው፣ ግን መልስ ነው። ሰው ቁርጡን ካወቀ የራሱን መላ ይፈልጋል፣ ቢያንስ በክረምት ወራት ነፍሰ ጡሮቹን ቀድሞ ወደ ከተማ ያወጣል። «በሂደት ላይ ነው» የተባለ ሰው ግን ይጠብቃል። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ።

ሌላ አገር እንዴት ያደርጉታል ለሚለው አንድ የወደድኩትን ልንገርዎ። በህንድ ፓርላማ ጥያቄ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። «ባለ ኮከብ» የሚባለው በቃል ይመለሳል፣ ጠያቂውም እዚያው ተከታይ ጥያቄ ማንሣት ይችላል። ኮከብ የሌለው በጽሑፍ ይመለሳል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ኃላፊዎች የገቡትን ቃል ብቻ የሚከታተል ኮሚቴ አቋቋሙ። ሚኒስትሩ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ወይም «አየዋለሁ» ካለ እንደ ቃል ኪዳን ይመዘገባል። እንዲህ ያሉ አባባሎች ዝርዝር ሁሉ ተዘጋጅቶላቸዋል። ከዚያ በሦስት ወር ውስጥ ቃሉን መፈጸም አለበት፣ ካልሆነ ለኮሚቴው ተጨማሪ ጊዜ ይለምናል። የህንድ ክልሎች ምክር ቤቶችም ተመሳሳይ ኮሚቴ አላቸው። ቃል ሁሉ በጊዜው ይፈጸማል ማለት አይደለም፣ የሚንከባለል ሞልቷል። ግን «በሂደት ላይ ነው» ያለ ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕዳ አለበት። እኛም ቋሚ ኮሚቴዎች አሉን። አንዱ ይህን ሥራ ቢይዝ ምን ይከለክለዋል? እኔ ይህ እንዲሆን ከልቤ እፈልጋለሁ።

እስከዚያው ተወካያችሁን በጥያቄው አግዙት። «የመንገዱ ጉዳይ ምን ላይ ደረሰ?» ተብሎ አይጠየቅ፣ ይህ ራሱ «በሂደት ላይ» የሚል መልስ ይጋብዛል። እንዲህ ይጠየቅ፦ መንገዱ በዘንድሮው በጀት ተይዟል ወይስ አልተያዘም? ከተያዘ ስንት ብር? ሥራው የሚጀመረው በየትኛው ወር ነው? ካልተያዘስ ማን ነው ያስቀረው? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናብ ነው። ውሃው ጎደል ሲል ሥራው ተጀምሮ እስከ ግንቦት ካላለቀ በሚቀጥለው ክረምትም ቃሬዛው አይቀርም። ይህን ተወካዩ ጉባኤው ላይ ይናገረው፣ ወሩን እየጠራ። ጥያቄውንም ከጉባኤው በፊት በጽሑፍ ያስገባ፣ ያኔ ኃላፊው «መረጃውን አጣርተን እንመጣለን» ማለት አይችልም።

«ሰላም ነው? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የሲቪክስ መምህራችን ስለ ሚኒስትሮች ሲያስተምሩ ክልልስ ሚኒስትር አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ደግሞ የክልል ባለሥልጣን ሲጠየቅ የመመለስ ግዴታ አለበት ወይስ በፈቃዱ ነው?»
ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። በክልል ሚኒስትር የሚባል የለም። ሥራውን የሚሠሩት የቢሮ ኃላፊዎች ናቸው፤ ጤና ቢሮ፣ ትምህርት ቢሮ እያለ ይቀጥላል። በላያቸው ርዕሰ መስተዳድሩ አሉ። ስማቸው ይለይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፣ ሁሉም ለምክር ቤቱ ነው የሚጠየቁት።

ግዴታ ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ ግዴታ ነው። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ክፈቺና አንቀጽ 50ን አንብቢ። የክልሉ ከፍተኛ ሥልጣን ያለው ምክር ቤቱ ጋ ነው፣ ምክር ቤቱ ደግሞ ተጠሪነቱ ለክልሉ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ኃላፊው ለተወካዩ ሲመልስ በተዘዋዋሪ ለአንቺ እናት እየመለሰ ነው። አንቀጽ 12ንም እዪ፣ አጭር ነው። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ሆነ ተመራጭ ተጠያቂ ይሆናል ይላል። ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ክፍል ውስጥ ቆመሽ አንብቢላቸው።

«እንደምን ሰነበታችሁ። ሰኞ ገበያ እህል እነግዳለሁ፣ የአራት ልጆች እናት ነኝ። እናንተ ተወካዩን ጠይቁ ትላላችሁ። የእኛን ተወካይ ከምርጫው ወዲህ አላየሁትም። ንግዴን ጥዬ ባህር ዳር አልሄድ። እኔ ማንን ልያዝ?»
እናት፣ ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ

እናታችን፣ እውነትዎን ነው። ተወካይ ከጉባኤ በፊት መራጩ ጋ መምጣት አለበት፣ ካልመጣ ጥፋቱ የእርሱ ነው። እርስዎ ግን በተወካይ ብቻ አልታሰሩም።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሚባል አለ። ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከፌዴራልም ሆነ ከክልል፣ መረጃ መጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ከከለከለም ለምን እንደከለከለ መናገር አለበት። ጥያቄውን የሚቀበለው የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ነው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፣ እዚሁ ደሴ ካለው ጽሕፈት ቤት ይጀምሩ።

ማመልከቻው ረጅም አይሁን። «በጉባኤው ላይ ስለዚህ ጉዳይ እየተሠራ ነው ተብሏል። የተያዘው በጀት ስንት ነው? ሥራው የሚያልቀው መቼ ነው?» ይበቃል። ልጅዎ ይጻፍልዎ፣ እርስዎ ይፈርሙ። ሁለት ኮፒ ያድርጉ። አንዱን መዝገብ ቤት ሲያስገቡ በሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ያስጽፉ፣ ማኅተም ያስመቱ። «ደብዳቤውን ተዉልን፣ እንደውላለን» ቢሉዎ ቁጥሩን ሳይቀበሉ አይውጡ። ያቺን ኮፒ ከንግድ ፈቃድዎ ጋር አብረው ያስቀምጧት፣ ከዚያ 30 ቀን ይቁጠሩ። በ31ኛው ቀን ምንም ካልመጣ ኮፒውን ለእኛም ይላኩልን።