«ቻይው» ለተባላችሁ ወጣት ነርሶች

ነርስ ሆኜ 31 ዓመት ሠርቻለሁ። ከትልልቆቼ በብዛት የሰማሁት ምክር አንድ ቃል ነው፦ «ቻይው»። ደመወዙ ወር አላደርስ ሲል ቻይው። አስታማሚ ሲጮህብሽ ቻይው። ሌሊት በሌሊት ላይ ዱቲ (የሥራ ተራ) ሲወጣብሽ ቻይው። እኔም ለታናናሾቼ ብዬዋለሁ። ዛሬ ይቅርታ ልጠይቅበት ነው የምጽፈው።

አራተኛ ዓመቴ ነበር። የውስጥ ደዌ ዋርድ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሁለት ነርሶች ከ30 በላይ ሕመምተኛ ይዘናል። ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን የአንቲባዮቲክ መርፌ ልበጠብጥ የውሃ አምፑል (ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ) አነሳሁ። ሰብሬ በሲሪንጅ ስስብ አብራኝ የነበረችው ልጅ እጄን ያዝ አደረገችኝ። «እቱ፣ ፖታሲየም እኮ ነው።»

ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይቀጥን በደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል። ሁለቱ አምፑሎች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ለእኔ ደግሞ ተከታታይ ሦስተኛ ሌሊቴ ነበር።

ጠዋት ርክክብ ላይ የሆነውን ተናገርኩ። የደረሰኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። መደርደሪያውን የነካው የለም፤ የዱቲ ፕሮግራሙም እንደነበረ ቀጠለ። ሥራዬን የጠላሁት ያኔ ነው። ወይም የጠላሁት መሰለኝ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። የሕመምተኛ ትኩሳት ሲወርድ፣ ያጠብኩት ቁስል ሲድን ደስታዬ እንዳለ ነበር። የሚያንገበግበኝ ማድረግ ያለብኝን እያወቅሁ ጊዜና ሰው አጥቼ ሳላደርገው መቅረቴ ነው። እናንተም «ነርስነት አስጠላኝ» ከማለታችሁ በፊት ይሄን ለዩልኝ። ያስጠላችሁ ሥራው ራሱ ከሆነ ክፍል ቀይሩ፣ ሙያም ቀይሩ፤ ነውር የለውም። ሥራውን በወጉ እንዳትሠሩ የሚያደርጋችሁ ነገር ከሆነ ግን መናገር አለባችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ መዛልን ሲተረጉም በሽታ አላለውም። በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ያለው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና መማረር፣ ውጤታማነት መቀነስ። ሁለተኛውን አደራ። ሰውየውን በስሙ መጥራት ትታችሁ «አልጋ ሰባት» ስትሉት፣ የእናት ለቅሶ ሲያናድዳችሁ፣ ክፉ ሆናችሁ አይደለም። ደክሟችኋል።

ዱቲ ላይ ምግብ አትዝለሉ። ከሌሊት ተራ በወጣችሁበት ጠዋት መልቀቂያ አትጻፉ፤ ተኝታችሁ ተነሡና አስቡበት። የግል ሆስፒታል ውስጥ የምትሠሩ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡት፤ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም። አቤት ስትሉ የሆነውን በቀንና በሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። ደግሞ ብቻችሁን አትግቡ፣ ሁለት ሦስት ሁኑ። እኔ ብቻዬን ገብቼ ነው ማስጠንቀቂያ ይዤ የወጣሁት።

የዋርድ ኃላፊ ስሆን መጀመሪያ ያደረግሁት ፖታሲየሙን ከመደርደሪያው አንስቼ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ማስገባት ነበር። ከሁለት ሌሊት በላይ ተከታታይ ዱቲ ማውጣትም አቆምኩ። ተጨማሪ በጀት አልጠየቀም።

እጄን የያዘችኝ ልጅ ግን ያኔ አልነበረችም። ከዚያች ሌሊት በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላት ሥራውን ትታ ሄዳለች። ሰልችቷት ስታለቅስ «ቻይው» ካሏት አንዷ እኔ ነበርኩ።