ሉዊቪል፣ ኬንታኪ መኖርና መሥራት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ

ሰሞኑን ከዳላስም፣ ከዲሲም፣ ከአዲስ አበባም ስለ ሉዊቪል የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰብስቤ ልመልስ። እዚህ ከተማ ሌሊት እየሠራሁ ተምሬያለሁ፤ አሁን ቤተሰብ ይዤ እኖራለሁ። ሰዓት የምጠራው በአገር ቤት አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱንና ወሩን ግን በፈረንጅ።

ከተማዋ ትንሽ ናት ይባላል። ታዲያ ያ ሁሉ ሥራ ከየት መጣ?

ከወንዙ ነው። የኦሃዮ ወንዝ ከፒትስበርግ ተነስቶ ሚሲሲፒ ወንዝ እስኪገባ 981 ማይል ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ለጀልባ አስቸጋሪ የነበረው የተፈጥሮ እንቅፋት አንድ ብቻ ነበር፤ እዚህ ያለው ፏፏቴያማ ድንጋይ። በጀልባ የመጣ አብዛኛው ሰው እዚህ ቆሞ ዕቃውን ማራገፍ ነበረበት። የሚያራግፍ፣ የሚሸከም፣ የሚያከማች ሰው ተፈለገ። በ1778 የተቆረቆረችው ከተማ ያደገችው በዚህ ነው።

በ1830 ፏፏቴውን የሚያልፍ ቦይ ተከፈተ። የማራገፍ ሥራው ግን ከከተማዋ አልወጣም። ዛሬ ዕቃው በአውሮፕላን ይመጣል። ዕቃ አድራሹ ኩባንያ ዩፒኤስ ዋናውን የአየር ማዕከሉን፣ ወርልድፖርትን፣ እዚሁ አየር ማረፊያው ላይ ነው የሠራው። ከ5 ሚሊዮን ስኩዌር ፊት በላይ ስፋት አለው፤ በሰዓት ከ400 ሺህ በላይ ዕቃ መለየት ይችላል። ፎርድ ሁለት ፋብሪካ አለው። ጂኢ አፕላያንስስም እዚሁ ነው፤ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ይሠራል። ኖርተን፣ ባፕቲስትና ዩኦፍኤል ሄልዝ የሚባሉት ሆስፒታሎችም ብዙ ሰው ይቀጥራሉ። ከ600 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት ከተማ ስለሆነች ያን ያህልም ትንሽ አይደለችም።

ዩፒኤስ የሌሊት ሥራ እንዴት ነው? እውነት ትምህርት ይከፍላሉ?

አዎ፣ ይከፍላሉ። ለእኔ ወደ ሉዊቪል ለመምጣት ትልቁ ምክንያትም ይሄ ነው።

አውሮፕላኖቹ ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ይገባሉ። ዕቃው ይራገፋል፣ ይለያል፣ ይጫናል፤ ከዚያ አውሮፕላኖቹ ሊነጋጋ ሲል ይወጣሉ። አብዛኛው ሰው የሚቀጠረው በፓርት ታይም ነው፤ በሌሊት አራት አምስት ሰዓት። ሥራው ጉልበት ይጠይቃል። አንዳንዱ ዕቃ እስከ 70 ፓውንድ ይመዝናል። በጋ ላይ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ሙቀት፣ ክረምት ላይ ሜዳው ላይ ያለው ብርድ ቀላል አይደለም። ሠራተኛው ቲምስተርስ በሚባል የሠራተኞች ማኅበር የታቀፈ ነው። በ2023ቱ ስምምነት የፓርት ታይም መነሻ ደመወዝ በሰዓት 21 ዶላር ሆኗል። የጤና ኢንሹራንስም አለ፤ ወዲያው ግን አይጀምርም፣ የመጠበቂያ ጊዜ አለው። ስትቀጠሩ ስንት ወር እንደሆነ ጠይቁ።

የትምህርቱ ነገር ሜትሮፖሊታን ኮሌጅ ይባላል። ኮሌጅ ተባለ እንጂ ራሱ አያስተምርም። በ1998 ዩፒኤስ፣ የኬንታኪ ክልልና የከተማዋ ኮሌጆች የጀመሩት ፕሮግራም ነው። ሌሊት ትሠራላችሁ፤ ቀን ሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ወይም ጀፈርሰን ኮሚዩኒቲና ቴክኒካል ኮሌጅ ትማራላችሁ። የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል። የኬንታኪ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስትመጡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአድራሻ ማስረጃችሁን ያዙ፦ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ቢል፣ መንጃ ፈቃድ።

ልቤ የሚያዝነው ለብዙ የሀበሻ ልጆች ነው። ለዚህ ዕድል ይመጡና ትምህርቱን «በሚቀጥለው ሴሚስተር» እያሉ ያቆዩታል። መኪና ይገዛል፣ ወጪ ይመጣል፣ ቀን ሌላ ሥራ ይያዛል። ዓመታት ያልፋሉ፤ አሁንም እዚያው ዕቃ እየጫኑ ነው። የሌሊቱ ሥራ ለብቻው የቤት ኪራይና የአገር ቤት ድጋፍ አይችልም። ዋጋው ትምህርቱ ነው። ስለዚህ ሥራውን በጀመራችሁበት ሴሚስተር ተመዝገቡ፤ አንድ ክላስም ቢሆን።

ሌሊት ዩፒኤስ፣ ቀን ዌርሃውስ (መጋዘን) ብሠራስ? ወጣት ነኝ፣ እችላለሁ።

ወንድሜ፣ ለሁለት ሦስት ወር ትችላለህ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ዕዳውን ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠይቀው የመኪና መሪ ላይ ነው። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቀን ሥራ የሚነዳ ሰው ራሱንም ሌላውንም ያሰጋል። የግድ ሁለት ሥራ ካስፈለገህ ሁለተኛውን ከሰዓት በኋላ አድርገው። ጠዋት ገብተህ ተኛ። መስኮትህ ላይ ጥቁር መጋረጃ ስቀል፣ ስልክህን ዝጋ። አገር ቤት ላሉት ቤተሰቦችህም በስንት ሰዓት እንደምትተኛ ንገራቸው፤ ካላወቁ በእንቅልፍህ ሰዓት ነው የሚደውሉት።

አዲስ አበባ ነርስ ነበርኩ። እዚህ ከዜሮ ነው የምጀምረው?

ከዜሮ አይደለም እህቴ፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የትምህርት ማስረጃሽ ተገምግሞ ለኬንታኪ የነርሲንግ ቦርድ ይቀርባል፤ ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ትወስጃለሽ። እስከዚያው ሆስፒታል ወይም የአረጋውያን መንከባከቢያ ገብተሽ በረዳትነት መሥራት ትችያለሽ። ሌላ ቦታ ሲኤንኤ የሚሉት የነርስ ረዳት ኬንታኪ ውስጥ ኤስአርኤንኤ ይባላል፤ ሥራ ስትፈልጊ በዚህ ስም ፈልጊ። ሥልጠናው 75 ሰዓት ነው። አንዳንድ የአረጋውያን ማዕከሎች ራሳቸው አሠልጥነው ይቀጥራሉ፣ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት እነሱን ጠይቂ።

ማስረጃሽን አዲስ አበባ እያለሽ አስጨርሺው። ከትምህርት ቤትሽ በታሸገ ፖስታ የሚላክ ትራንስክሪፕት ከአሜሪካ ሆኖ ማስላክ ብዙ ሰው ያለቀሰበት ጉዳይ ነው።

ትራክ መንዳትስ?

ቦታው ምቹ ነው። 64፣ 65 እና 71 የሚባሉት ትላልቅ መንገዶች እዚህ ይገናኛሉ። ግን ከ2025 ጀምሮ ሁለት ነገር ጥብቅ ሆኗል። አንደኛ፣ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ በእንግሊዝኛ ሲያናግርህ መግባባት ካልቻልክ ከመንዳት ያግድሃል። ሁለተኛ፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ላልሆነ ሰው የሚሰጠው የንግድ መንጃ ፈቃድ ላይ የፌዴራል መንግሥቱ ጥብቅ ገደብ አምጥቷል። ወረቀትህ ጥገኝነት ወይም የሥራ ፈቃድ ብቻ ከሆነ፣ ለትራክ ትምህርት ቤት ከመክፈልህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክር።

የት ሰፈር ልከራይ?

አዲስ የሚመጣ ስደተኛ በብዛት የሚያርፈው በደቡብ በኩል ነው፤ አይሮኳይ ፓርክ አካባቢ፣ ፕሬስተን ሃይዌይና ቢዩክል። ለአየር ማረፊያው ቅርብ ነው፣ ኪራዩም ይሻላል። የሶማሊ፣ የኩባ፣ የኔፓል ሱቆችም እዚያ ናቸው። ልጅ ያላቸውና ትንሽ የደረጁት ወደ ፈርን ክሪክና ጀፈርሰንታውን ይሄዳሉ። ሃይላንድስ ደስ ይላል፣ ግን ለወጣትና ለካፌ ነው።

ከዲሲ ወይም ከሲያትል የሚመጣ ሰው በኪራዩ ይገረማል። ግን ዋጋ ብቻ አይታችሁ ከሩቅ በስልክ አትፈርሙ። ማታ ሄዳችሁ ግቢውን እዩት።

ወንዙን ተሻግሮ ኢንዲያና መኖር ይሻላል?

ጀፈርሰንቪል፣ ክላርክስቪልና ኒው ኦልባኒ ጥሩ ናቸው፤ የዌርሃውስ ሥራም እዚያ በኩል ሞልቷል። ዋናው ሂሳብ ድልድዩ ነው። ሊንከን፣ ኬኔዲ፣ እንዲሁም ሉዊስና ክላርክ የተባሉት ሦስቱ ድልድዮች ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ያስከፍላሉ። መሃል ከተማ ያለው የሁለተኛ መንገድ ድልድይና ሸርማን ሚንተን በነፃ ናቸው። በየቀኑ የምትሻገሩ ከሆነ ትራንስፖንደር የሚባለውን የክፍያ መለያ መኪናችሁ ላይ ለጥፉ፤ ያለሱ በሰሌዳ እያነሱ በፖስታ ሲልኩ ዋጋው ይጨምራል። አድራሻ ቀይራችሁ የክፍያ ወረቀቱ ካልደረሳችሁ ደግሞ ቅጣት ይከተላል።

ታክሱ ስንት ነው?

የኬንታኪ የገቢ ታክስ ለሁሉም እኩል መቶኛ ነው፤ በ2025 4 በመቶ ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ 3.5 በመቶ ሆኗል። ከቴክሳስ የምትመጡ ግን ይህን አስቡት፤ እዚያ የክልል ገቢ ታክስ የለም። በተጨማሪ ከተማዋ ራሷ ከደመወዝ ትቆርጣለች፦ ከነዋሪ 2.2 በመቶ፣ ኢንዲያና እየኖረ እዚህ ከሚሠራ 1.45 በመቶ። የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው፣ አስቤዛ ግን አይነካም።

ሰው የሚደነግጠው በመኪና ታክስ ነው። ኬንታኪ ለመኪና በየዓመቱ የንብረት ታክስ ታስከፍላለች። ሰሌዳ ስታሳድሱ አብሮ ይመጣል፤ ጊዜው የተወለዳችሁበት ወር ነው። መኪናው አዲስ በሆነ ቁጥር ታክሱም ይከብዳል።

ያለ መኪና ይቻላል?

ታርክ የሚባል አውቶቡስ አለ። ለሌሊት ሥራ ብላችሁ ግን አትመኩበት፤ በቅርብ ዓመታት በበጀት እጥረት መስመርና ምልልስ ቀንሷል። ለመጀመሪያው ጊዜ ከሥራ ባልደረባ ጋር ነዳጅ ተጋርቶ መሄድ የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይለወጥም፤ የጽሑፍና የመንዳት ፈተና አለ።

ልጆቼ እንግሊዝኛ አይችሉም። ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?

የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ጄሲፒኤስ ይባላል። አዲስ መጥተው እንግሊዝኛ ለሚጀምሩ ልጆች ኒውከመር አካዳሚ የሚባል ትምህርት ቤት አላቸው። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ልጃችሁን እንዲያስተረጉም አታድርጉት።

ጠንቀቅ ማለት ያለባችሁ በባስ ነው። በነሐሴ 2023 ትምህርት በተከፈተበት ቀን አንዳንድ ልጆች ቤት የደረሱት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነበር። በ2024 ደግሞ ማግኔት ለሚባሉት፣ ከሰፈር ውጭ ተመርጠው ለሚገባባቸው ትምህርት ቤቶች አብዛኛው የባስ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ «ጥሩ ትምህርት ቤት አገኘሁ» ከማለታችሁ በፊት ማን እንደሚያደርሰው ጠይቁ። ሌሊት ለሚሠራ ወላጅ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው።

ጎርፍ ያሰጋል?

በ1937 ወንዙ ሞልቶ ከግማሽ በላይ የሆነውን ከተማ አጥለቅልቆታል። ከዚያ በኋላ የጎርፍ ግድግዳ ተሠራ። በሚያዝያ 2025ም ወንዙ በጣም ሞልቶ ነበር፤ ግድግዳው አብዛኛውን ከተማ ጠብቋል። የወንዙ ሙላት ከቀናት በፊት ይታወቃል። ድንገት የሚመጣው የዝናቡ ነው፤ ቤርግራስ ክሪክ ዳርና ድልድይ ሥር ያሉ መንገዶች በደቂቃዎች ይሞላሉ። ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ አትግቡ።

ቤት ለምትገዙ፦ ተራ የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይከፍልም። የፌዴራሉን የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻ መግዛት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ደመናው ሲጠቁር ብትሮጡ አትደርሱበትም። ቤዝመንት (ከመሬት በታች ክፍል) ያለው ቤት ስታዩ ግድግዳውን ከታች በኩል እዩት፣ ሽታውንም አሽትቱ። ሻጩ ቀለም ቀብቶት ሊሆን ይችላል።

ለጥቁር ሰው እንዴት ነው? በሐቅ ንገረን።

ይህ ወንዝ በባርነት ዘመን ድንበር ነበር። ኬንታኪ ባርነት የተፈቀደባት፣ ማዶ ያለችው ኢንዲያና ነፃ ምድር ነበረች። ሰዎች ነፃነት ፍለጋ በሌሊት ተሻግረውታል። ያ ታሪክ ዛሬም ይታያል። ዘጠነኛ መንገድን ተሻግራችሁ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር ነው፤ ሱቁና ባንኩ ይሳሳል። በመጋቢት 2020 ብሬዮና ቴይለር የተባለች ጥቁር ወጣት በቤቷ ውስጥ በፖሊስ ተገድላለች፤ ከተማዋ ለወራት በሰልፍ ተሞልታ ነበር። እኛ ስንመጣ «እኛ ሀበሻ ነን» ብለን ከዚህ ታሪክ ውጭ መቆም አንችልም። የተከበርንበት የሥራና የመኖሪያ መብት እዚህ ሰዎች ታግለው ያመጡት ነው።

ሙሐመድ አሊ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። በ1960 ሮም ላይ በቦክስ ወርቅ ሲያገኝ የእኛው አበበ ቢቂላ በዚያው ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፏል። አየር ማረፊያው ዛሬ በአሊ ስም ነው የሚጠራው። ልጆቻችሁን የአሊ ማዕከል ውሰዷቸው።

ሀበሻ አለ? እንጀራስ?

አለ። ምግብ ቤትም፣ ሱቅም፣ ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ ግን እንደ ዲሲ አትጠብቁ። ለትልቅ ሠርግና ለበዓል ልብስ ሰው ናሽቪል ወይም ኮለምበስ ይሄዳል። ናሽቪል 175 ማይል ገደማ ነው። ማኅበረሰቡ ትንሽ ስለሆነ ሐዘን ሲመጣ ሁሉም ይደርሳል። ይህን ከትልቅ ከተማ አልለውጠውም።

እናቴን ላመጣ ነው። ቀን ቀን ብቻቸውን ምን ያደርጋሉ?

መጀመሪያ ስለ ብቸኝነቱ አስብ። ጥርና የካቲት ብርድና በረዶ ነው፣ እግረኛ መንገድ የሌለው ሰፈርም ብዙ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ቅርብ ተከራይላቸው፤ የሚያመላልሳቸው ሰውም አስቀድመህ አግኝ። ሚያዝያ ላይ አበባው ሲፈነዳ አለርጂ ብዙ ሰው ያስቸግራል፣ አስም ካለባቸው መድኃኒታቸውን ይዘው ይምጡ። አየሩ ሲሻል ቢግ ፎር የሚባለው የእግረኛ ድልድይ አለ፤ ወንዙን በእግር ያሻግራል፣ ደረጃም የለበትም። አይሮኳይ ፓርክም ቅርብ ነው። የኬንታኪ ስደተኞች አገልግሎት ከሚባለው ድርጅት የእንግሊዝኛ ክላስ ጠይቅ፤ እናቶች ቋንቋውን ባይዙት እንኳ ጓደኛ ያገኙበታል።

ሁለተኛው የጤና ኢንሹራንስ ነው። አዲስ ግሪን ካርድ ያላቸው አዋቂዎች አብዛኛዎቹ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ለማግኘት 5 ዓመት ይጠብቃሉ። 65 የሞላቸውም ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) በክፍያ ለመግዛት መጀመሪያ 5 ዓመት መኖር አለባቸው። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት ኪኔክት በሚባለው የኬንታኪ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ ላይ የእሳቸውን ዕድሜ አስገብተህ የወር ክፍያውን እይ። ከደረሱ በኋላም ቶሎ ተመዝገብ፤ አዲስ ለመጣ ሰው የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው።