ገጼ ተዘጋ፤ አቤት የምለው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያገለገሉ መጻሕፍት ሻጭ ነኝ። ሱቄ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ተዛወርኩ። የድሮ ደንበኞቼ አዲሱን ቦታ ያገኙት በማኅበራዊ ሚዲያ ገጼ ነው። ባለፈው ወር ገጹ «ደንብ ጥሷል» ተብሎ ተዘጋ። የለጠፍኩት የመጻሕፍት ሽፋንና ዋጋ ብቻ ነው። የሚደወልበት ስልክ የለ፣ የሚኬድበት ቢሮ የለ። ኢንተርኔት የሁሉም ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ታዲያ የእኔን ገጽ የዘጋው ማን ነው?
መጽሐፍ ሻጭ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። ገጹ መዘጋቱን በነገረዎት መልእክት ላይ ይግባኝ የሚጠይቁበት አማራጭ ካለ ዛሬውኑ ይጠቀሙበት፤ ብዙ ጊዜ የጊዜ ገደብ አለው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ በአመዛኙ የሚሰጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ አማርኛችን ደግሞ ለእነዚህ ፕሮግራሞች ገና እንግዳ ነው። ስለዚህ ባጭሩ፣ ከተቻለም በእንግሊዝኛ ይጻፉ።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ ኢንተርኔት ባለቤት የለውም፤ ገጽዎ ያለው ግን በኩባንያው ቤት ነው። ሲመዘገቡ «እስማማለሁ» ያሉበት ረጅም ውል ኩባንያው ገጹን መዝጋት እንደሚችል ይላል፤ ያንን ውል አንብቦ የጨረሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ድረ ገጽ የምንለውን ሥርዓት እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ጄኔቫ በሚገኘው ሰርን የምርምር ማዕከል አቀረበው፤ ማዕከሉም በ1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ያኔ ጎፈር የሚባል ተፎካካሪ ሥርዓት ነበር። የሠራው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት ክፍያ እጠይቃለሁ ሲል ብዙዎች ሸሹት።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፊደላችን ታሪክ ነው። ወጣት ሳለሁ ስድስት ኪሎ አካባቢ በአንድ ጽሕፈት ቤት የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ እተይብ ነበር። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ የግዕዝ ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱ ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተተየበው በሌላው ሲከፈት አይነበብም። ተማሪው ፍሎፒውን ይዞ ይመጣል፣ እንከፍተዋለን፣ «መግቢያ» ተብሎ በተጻፈበት ቦታ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ተደርድሮ ይጠብቀናል። ያለው ምርጫ ያንኑ ፕሮግራም መግዛት ወይም ሁሉንም እንደ አዲስ መተየብ ነው። እንተይባለን። ሂሳቡ በገጽ ነበርና የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት በነገሩ ሲከፋ አይቼ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ግዕዝን ሲያካትት ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጋራ ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩን ለመጠቀም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ደብዳቤዎን ከስልክዎ ልከውልኝ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሳይዛባ ያነበብኩት ለዚህ ነው።

ኢሜይልም እንዲሁ ነው፤ የየትኛውም ድርጅት ተጠቃሚ ለየትኛውም ይጽፋል። በቴሌግራም ያለ ሰው ግን በዋትስአፕ ላለው መጻፍ አይችልም። ይህን ያደረገው የቴክኒክ አቅም ማነስ ሳይሆን የነጋዴ ስሌት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ዋትስአፕ ለሌሎች የመልእክት መተግበሪያዎች በሩን እንዲከፍት በሕግ ያስገደደው ይህን አይቶ ነው።

እንግዲህ ገጹ ከተመለሰልዎ ይቀጥሉበት፤ ገዢው ያለው እዚያ ነው። ጎን ለጎን ግን በራስዎ ስም የተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ ይኑርዎት፤ በነጥብ ኢቲ የሚያበቃውን ኢትዮ ቴሌኮም ይመዘግባል። አድራሻው የእርስዎ ከሆነ፣ ድረ ገጹን የሚያስተናግደው ድርጅት ቢያስቸግርዎ ፋይሎቹን ይዘው ወደ ሌላ ይሄዳሉ፤ ደንበኛው የሚያውቀው አድራሻ አይለወጥም። የሽፋን ፎቶዎቹንና የዋጋ ዝርዝሩን ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ደንበኞችዎ ፈቅደው የሰጡዎትን ስልክ ቁጥርም በደብተር ይያዙ፤ በአጭር የጽሑፍ መልእክት «ዛሬ እነዚህ መጻሕፍት ገቡ» ማለት ብዙ ወጪ የለውም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚከፍት ጥቅል ከመደበኛው ዳታ ይረክሳል። ጓደኛዬ «እንዲህ ያለ ጥቅል ኢንተርኔትን ለጥቂት ኩባንያዎች አሳልፎ ይሰጣል» ይለኛል። ለተማሪ ኪስ የሚስማማ ነገር እንዴት ይጎዳል?
ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ

መልስ፦ ልጄ፣ ጓደኛህ እውነቱን ነው። ከላይ የጻፉልን መጽሐፍ ሻጭ ነገ የራሳቸውን ድረ ገጽ ቢከፍቱ በዚህ ጥቅል አታየውም። እዚያው በኩባንያው ገጽ ላይ ቢቆዩ ግን ታያቸዋለህ። ታዲያ የት መሸጥ እንዳለባቸው የወሰነላቸው ማን ሆነ?

ፌስቡክ «ፍሪ ቤዚክስ» በሚል ስም የተመረጡ ድረ ገጾችን ብቻ ሕንድ ውስጥ በነጻ ሲያቀርብ፣ የአገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ ይዘቱ የተለያየ የዳታ ዋጋ ማስከፈልን ከለከለ። ድሃው ተጎዳ ያሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጂዮ የተባለ አዲስ ኦፕሬተር ገበያ ሲገባ የዳታ ዋጋ አሽቆለቆለ፤ የድሃውን ኪስ የታደገው ውድድሩ ነው። እኛም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት ኦፕሬተሮች አሉን። ስልክህ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ የሁለቱን መደበኛ ዳታ እያወዳደርክ ግዛ፤ ከባድ ፋይል ማውረዱን ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ተወው።