መልስ፦ በሲ ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም የይለፍ ቃል ሲጻፍ ስክሪኑ ላይ እንዳይታይ

ሰላም ወንድሜ። ሊኑክስ ላይ የጻፍከው የሲ ፕሮግራም የይለፍ ቃል ሲቀበል ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ እየታዩ አስቸግረውኛል ብለሃል።

ፊደሎቹን የሚያሳየው ያንተ ኮድ ሳይሆን ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ነው። ስለዚህ ጽሑፍ የሚቀበለውን ስካንኤፍን (scanf) እንደሱ ባለ ሌላ ፈንክሽን መቀየር ብቻውን ምንም አይፈይድም። መጀመሪያ በቲሲጌትአትር (tcgetattr) የተርሚናሉን ሁኔታ አንብብና ቅጂውን አስቀምጥ። ከዚያ ኢኮ (ECHO፣ የተጻፈውን መልሶ የሚያሳየው ቅንብር) የሚለውን አጥፍተህ በቲሲሴትአትር (tcsetattr) ለተርሚናሉ መልሰህ ስጠው። ቃሉን መስመር በሚያነበው በኤፍጌትስ (fgets) ተቀበል። መጨረሻው ላይ የሚቀረውን የአዲስ መስመር ምልክት መቁረጥ እንዳትረሳ፤ አለዚያ ትክክለኛው ቃል ተጽፎም አይመሳሰልልህም። ስትጨርስ ያስቀመጥከውን ቅጂ መልስ።

እኔን አንዴ በጣም ያስደነገጠኝ ነገር አለ። መሃል ላይ ኮንትሮል ሲ ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ቆመ፣ ተርሚናሉ ግን የምጽፈውን አላሳይ አለ። እንዲህ ከገጠመህ፣ ባይታይህም "ስቲቲዋይ ኢኮ" (stty echo) የሚለውን ትእዛዝ ጽፈህ ኢንተር ተጫን፤ ይስተካከላል። ኮድህ ውስጥ ደግሞ ሲግኢንትን (SIGINT፣ ኮንትሮል ሲ ሲጫኑ ለፕሮግራሙ የሚላከውን ምልክት) ተቀብለህ ተርሚናሉን ወደነበረበት መልስ።

ጌትፓስን (getpass፣ የይለፍ ቃልን ሳያሳይ የሚቀበለውን ፈንክሽን) ተጠቀም የሚሉህ አይጠፉም። አቋራጭ ነው፣ ግን ከ2001ዱ የፖዚክስ ስታንዳርድ (ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የሚከተሉት የጋራ ደንብ) ወጥቷል። እኔ አልመክርህም።

"የይለፍ ቃል፦" የሚለው ጽሑፍ ዘግይቶ ከወጣብህ ከፕሪንትኤፍ (printf) ቀጥሎ ኤፍፍላሽ (fflush፣ የተያዘውን ጽሑፍ ወዲያው የሚያወጣው ፈንክሽን) ጨምር።